በስሟ የጠራኋት ቀን

ባለፈው ግንቦት ከዝግጅታችን አዘጋጆች አንዷ፣ ገና አንድ ፍሬ ልጅ ናት፣ ቤቴ ድረስ መጥታ የቀረበላትን ሻይ ሳትቀምስ ላፕቶፗን ከፈተች። የምመራው የቴሌቪዥን ዝግጅት ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሊያከብር ነውና የበዓሉን ዕቅድ በቀለም በቀለም ለይታ ሠርታዋለች። ቀዩ ላይ ጣቷን አሳረፈችና «ይሄ ለእርስዎ ሰርፕራይዝ ነበር፤ ግን ያለ እርስዎ ልናገኛት አልቻልንም» አለችኝ። ሰርፕራይዙ የድሬዳዋዋ ሴትዮ ናት። በየቃለ መጠይቁ የማወራላት፣ መራመድ ያስተማረችኝ የጨርቅ ነጋዴ። ፈልገው ሊያመጧት፣ መድረክ ላይ በስሟ ሊጠሯትና ካሜራ ፊት ሊያገናኙን ነው።

«ስሟን ብቻ ይንገሩኝ፤ ሌላውን ለእኛ ይተዉት» አለች።

ሰው ፊት ቃል ጠፍቶኝ አያውቅም፤ እንጀራዬም ይኸው ነው። ያን ቀን ግን ስሟን ከአፌ አላወጣሁትም። «እኔው ሄጄ ልፈልጋት» ብዬ ሸኘኋትና የቀዘቀዘውን ሻይ ራሴ ጠጣሁት። ሰው በሁለት ነገር ያውቀኛል። ዕድሜው ገፋ ያለው በድሮ ሞዴልነቴ፣ ወጣቱ ደግሞ ለተቸገሩ እርዳታ በማሰባስብበት ዝግጅት። ሁለቱንም የጀመርኩት ከዚያች ሴት እጅ ነው። ግን ስለ እርሷ ለሕዝብ የማወራው የታሪኩን ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ እስከ ዛሬ ዋጥ አድርጌ ኖሬያለሁ።

የተወለድኩት ድሬ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ጋራዥ ብረት በያጅ ነበር፤ እናቴ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት ጸሐፊ። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ቁመቴ አባቴን አለፈው። እግዜር ቁመት ሲያድል ሁለቴ ተሰልፌ፣ ሥጋ ሲያድል እንቅልፍ የወሰደኝ ነበር የምመስለው። የሰፈር ልጆች «ቀጭኔ» ሲሉኝ ጊዜ ማጎንበስ ጀመርኩ። መንገድ ላይ መሬት መሬት እያየሁ ስሄድ እናቴ ሳንቲም የጠፋብኝ እየመሰላት ትቆጣ ነበር።

ያቃናችኝ አዴ ሰኪና ናት። አዴ በእኛ አገር እናት እንደ ማለት ነው፤ ባትወልድህም ልትቆጣህ መብት ያላት ሴት ሁሉ አዴ ናት። ድሬ ላይ ከመምህር በስተቀር አንቱታ ብዙም አይታወቅም፤ ሽማግሌውንም አሮጊቷንም አንተ አንቺ ብለን ነው ያደግነው። አዴ ሰኪናም ለሁሉ አንቺ ነበረች። ደቻቱ ወንዝ ዳር ከጨርቅ ተራው መጨረሻ ላይ ጠባብ ሱቅ ነበራት። ልጇ ሐያት የክፍል ጓደኛዬ ስለነበረች ከትምህርት ቤት መልስ እዚያው ጣቃ ጨርቅ ላይ ተቀምጠን ነበር የምንውለው።

አዴ የምትሸጠው ድርያ ነው። ድርያ ሰፊና ስስ የቆላ ቀሚስ ነው። ተሰቅሎ ሲያዩት መጋረጃ ነው፤ ነፋስ ሲገባበት ነው ልብስ የሚሆነው። አንድ ቀን ከሐያት ጋር ስላፋ ቀና ብላ አየችኝና ሎሚ ቀለም ያለው ድርያ ወረወረችልኝ።

«ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ እሱን ልበሺ። እስከ ሙሸበክ ጠባሹ ድረስ ሂጂና ተመለሽ።»

«ለምን?»

«ለምን ይላሉ እንዴ ነጋዴን? ሂጂ አልኩሽ አቦ።»

ሄድኩ። ድሬ ቀትር ላይ ትተኛለች። ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰው በየቤቱ ጋደም ብሎ፣ መንገዱ ላይ የኒም ዛፍ ጥላና አንድ ሁለት ፍየል ብቻ ይቀራል። አሥር ሰዓት ሲሆን የብረት በሮች ይንኳኳሉ፣ ውሃ ይረጫል፣ እርጥብ አቧራ ይሸታል፣ ሴቶቹም ዘንጠው ይወጣሉ። አዴ እኔን የምትለቀኝ ልክ በዚያ ሰዓት ነው። የመጀመሪያ ቀን ጎንብሼ ሄጄ ጎንብሼ ስመለስ ሳቀችብኝ።

«ማን አንቺን ያያል ብለሽ ነው የምታፍሪው? ሰው የሚያየው ጨርቁን ነው። አንቺ እንጨት ነሽ፤ እንጨት ደግሞ አይጎብጥም። እንደገና ሂጂ።»

በዚህ ንግግር ከሃፍረት ዳንኩ ብል ማን ያምነኛል። ኋላ አዲስ አበባ ላይ የሞዴል አሰልጣኞች ስንት ነገር ነገሩኝ፤ ከዚህ የተሻለ ግን አልሰማሁም። በየቀኑ በአሥር ሰዓት አንዱን ድርያ ለብሼ እስከ ሙሸበክ ጠባሹ እሄዳለሁ፤ እሱ ትኩሱን ሙሸበክ፣ በስኳር የተነከረውን ጣፋጭ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ያቀብለኛል፤ ስመለስ ሴቶቹ ከኋላዬ ይመጣሉ። አዴ እነሱን እያስተናገደች እኔን ታዛለች። ወለሉን እርጪ። ጣቃውን አንሺ። ከጀሪካኑ ውሃ ቅጂልኝ። ያን ሁሉ ስታዘዝ አንድም ቀን አመሰግናለሁ ብላኝ አታውቅም፤ ልጇን ማን ያመሰግናል? ዘይቱን ሲደርስ፣ ቅርጫት የያዙት ሴቶች ሲያልፉ፣ ትልቁን መርጣ በቀሚሷ ጠርጋ አፌ ውስጥ ትከት ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ የቁንጅና ውድድር ላይ ሁለተኛ ወጣሁ። ፎቶዬ ቀን መቁጠሪያ ላይ ታተመ። ድሬ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ቤቱም ሻይ ቤቱም ሰቀለው። አዴም ሱቋ ውስጥ ሰቅላው ነበርና የእኔ ወር ሲያልፍ ገጹን አልገልጥም አለች። «ወሩ ቢያልፍ ምን ቸገረኝ፣ እኔ የማየው እንጨቴን ነው» ትላለች አሉኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ደቻቱ ሞላ። ደቻቱን የማያውቅ ሰው ወንዝ ሲሉት ውሃ ይጠብቃል። ደቻቱ ግን ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ያርፍበታል፣ ገበያ ይዘረጋበታል። ዝናቡ እኛ ላይ አይዘንብም። ላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ይጥልና፣ የእኛ ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ውሃው ከች ይላል። ያን ቀን የጨርቅ ተራውን ጫፍና ከጀርባው ያሉትን ቤቶች ይዞ ሄደ። የአዴ ሱቅም ቤቷም ሄደ። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ሰምቼ በአውቶቡስ ስደርስ አዴና ሐያት ቤት ከፈረሰባቸው ብዙ ሰዎች ጋር አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ አንጥፈው ነበር ያገኘኋቸው። እንባዬ ሲመጣ «ሰው ፊት አታልቅሺ» አለችኝና ጥቁር ሰሌዳው ስር አስቀመጠችኝ። እዚያው ቁጭ ብለን ሳለ አንዲት ደንበኛዋ በአጥሩ በኩል ስታልፍ አይታ ጠራቻት። አዴ ብድግ ብላ ወጣችና «ሰው ልጠይቅ መጥቼ ነው፤ እኔማ ሳቢያን ሰፈር እህቴ ቤት ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ስትላት ሰማሁ። በጆሮዬ ሰማሁት። ልቤ ግን አላስተዋለውም።

በሳምንቱ የከተማው ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመው ከዚራ ውስጥ አንድ የክበብ ግቢ ላይ የእርዳታ ማሰባሰቢያ አዘጋጁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ቀን መቁጠሪያው ላይ ያለችው የራሳችን ልጅ ትምራልን ብለው እኔን አስጠሩኝ። ማይክ ይዤ አላውቅም ብላቸው «ቁንጅናሽ ይበቃል፤ ሰው የሚሰጠው ፊት ሲያይ ነው» አሉኝ። መድረክ ላይ የሚጠሩ የሁለት ተጎጂዎች ስም የተጻፈበት ወረቀት ሰጡኝ። ሁለቱም ተጠይቀው እሺ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ፀሐይዋ ስትበርድ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተጀመረ። ግቢው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁለቱን ጠራሁ፤ ወጡ፤ ተናገሩ፤ ሰው አጨበጨበ። የሰው እጅ ግን ወደ ኪሱ አልገባም። ጋሽ ታደሰ ከጎን ሆነው በዓይናቸው «ጨምሪ» ይሉኛል። በዚያች ሰዓት ነው አዴን ያየኋት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በነጋዴዎቹ መሐል፣ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም ሎሚ ቀለም ያለው ድርያ ለብሳ፣ ጭኗ ላይ በሻሽ የታሰረ ጥቅል ይዛ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ ያለው ኩራት እንኳን ለእኔ ለከተማው ይበቃ ነበር። ልቤ ሞላ። የሞላ ልብ ደግሞ እንደ ደቻቱ ነው፤ የሚወስደውን አይመርጥም።

ወረቀቱን አጠፍኩት። ስለ አዴ ተናገርኩ። ጎንብሼ ስሄድ እንዴት እንዳቃናችኝ፣ እንጨት ነሽ እንዴት እንዳለችኝ፣ ስለ ሙሸበኩ፣ ስለ ዘይቱኑ። ሰው ሳቀ፣ ቀጥሎ ዝም አለ። ዝምታው ጣፈጠኝ፤ እውነቱን ልናገርና ጣፈጠኝ። ሰውን ሁሉ በአንድ ክር የያዝኩት መሰለኝ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦

«ይህችን እናቴን ዛሬ ውሃው ባዶ እጇን አስቀርቷታል። ቤት የላትም። ትምህርት ቤት ሲሚንቶ ላይ ነው የምታድረው። አዴ ሰኪና፣ እባክሽ ነይ።»

ከግራም ከቀኝም ያሉት ነጋዴዎች ዞረው አዩዋት። ፊቷ ሲለወጥ ከመድረክ አየሁት። ያኔ ማይኩን ብጥለው ኖሮ! እኔ ግን እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ ያጨበጭባል። ሽማግሌ በተቀመጠበት አደባባይ በስም ተጠርቶ አለመነሳት ድፍረት ነውና ተነሳች። ጥቅሉን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና መጣች። እኔን ያስተማረችኝን አረማመድ ራሷ ስትራመደው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አንገቷ ቀጥ፣ ትከሻዋ ጸጥ ያለ። የኮሚቴው ሴቶች ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣሉላት፣ ፖስታ በእጇ አስያዟት። በሁለት እጇ ተቀበለች። ዓይኗ እኔ ላይ አልነበረም፤ ከሰው ሁሉ በላይ ኒሙ ጫፍ ላይ ነበር። ሕዝቡ እያለቀሰ ሰጠ። ጋሽ ታደሰ ግንባሬን ሳሙኝ።

ሰው ሲበተን ሮጬ ሦስተኛው ረድፍ ሄድኩ። አዴ የለችም። ወንበሩ ላይ ብርድ ልብሱ በሥርዓት ታጥፎ፣ ፖስታው በላዩ ተቀምጦ፣ ከስር ያ ጥቅል አለ። ፈታሁት። ድርያዎች ናቸው፤ ጠርዛቸው ላይ የጭቃው ቢጫ ምልክት ጨርሶ ያልለቀቀ፣ ታጥበው፣ በከሰል ካውያ ተተኩሰው፣ አንድ ላይ የታሰሩ። ሐያት ከኋላዬ መጥታ ቆማለች።

«ከጭቃው ቆፍረን ያወጣናቸው ናቸው» አለችኝ። «ልብስ ለሌላቸው ሴቶች ይሁን ብላ ነበር። በር ላይ ሰጥታ፣ ስሜን እንዳትጽፉ ብላ ልትሄድ። እኔ ነኝ፣ ‹እንጨትሽ ልትናገር ነው፣ ሰምተናት አንሄድም ወይ?› ያልኳት።»

ሐያት ጥቅሉን መልሳ አሰረችና ለኮሚቴው ሰጠችው። ስም አላስመዘገበችም።

ለነጋዴ ሱቁ ጨርቅ አይደለም፤ ስሙ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከጅግጅጋና ከጅቡቲ ጨርቅ የሚልኩላት ሰዎች አዴ ሰኪና እህቷ ቤት ሆና ሱቅ እያፈላለገች ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ምጽዋት ስትቀበል ያዩ ነጋዴዎች ነገሯቸው፤ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሱቁ ዳግመኛ አልተከፈተም። እኔን ደግሞ በማግስቱ አንድ የሬዲዮ ሰው ፈልጎ አገኘኝ፤ ማታ ከተጋባዦቹ መሐል ነበር። «ሕዝብ ማስለቀስ የሚችል ድምፅ አለሽ» ብሎ አዲስ አበባ ሥራ ሰጠኝ። እምቢ አላልኩም። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ እምቢ ማለት የምችል ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ከመሄዴ በፊት ልሰናበታት ሄድኩ። ገንደ ቆሬ አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር። እንድትሰድበኝ፣ ነጠላ ጫማ እንድትወረውርብኝ እየተመኘሁ ነው የሄድኩት። ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ። ያለቻትን አንድ ወንበር ጠርጋ አስቀመጠችኝ። ሐያትን ልካ ቀዝቃዛ ለስላሳ አስመጣችልኝ። እኔ በጣቃ ላይ ያደግሁት፣ ውሃ ስቀዳላት የኖርኩት፣ ወንበርና ለስላሳ!

«አዴ፣ አጠፋሁ» አልኳት።

«ምንም አላጠፋሽም። ጠጪ፣ ይሞቅብሻል» አለችኝ።

ብድግ ብዬ ጀሪካኑን ላነሳ ስል «ኧረ አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ሐያት ታመጣዋለች» አለች። ጠጣሁት። በሕይወቴ እንደዚያ የመረረ ጣፋጭ ነገር አልጠጣሁም። በሩ ድረስ ሸኘችኝ፤ መንገዱ መታጠፊያ ጋ ስደርስ ዞር አልኩ። «ተመለሽ» የምትል መስሎኝ ነበር። እጇን አውለበለበችልኝና ገባች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር ያውቀዋል። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ መድረክ። ስንቱን ጠራሁት መሰላችሁ። አስቀድሜ ማስጠየቅ ልማዴ ሆነ፤ እሺ ያላለውን አልጠራም። ቢሆንም እሺ የሚለው ሰው ራሱ ምን ምርጫ አለው እያልኩ መድረክ ላይ መሬት መሬት የማይበት ቀን አለ። ተመልካቹ ከርኅራኄ ይቆጥርልኛል። ለድሬ ሥራ ሲመጣ ሌላ ሰው እልካለሁ። ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን ግን፣ አዲስ አበባ ብርድ ውስጥ ቁጭ ብዬም ቢሆን፣ የብረት በሮቹ ይንኳኩብኛል። የሚናፍቀኝ ወጣትነቴ አይደለም፤ እሱ ብዙ አልጠቀመኝም። የሚናፍቀኝ መታዘዝ ነው። ወለሉን እርጪ የሚለኝ ሰው።

በግንቦት መጨረሻ ሄድኩ። ጨርቅ ተራው ሌላ ሆኗል፤ ሙሸበክ ጠባሹ ባይኖርም ልጁ ይጠብሳል። እሱ ነው የሐያትን ስልክ የሰጠኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ የሚባል ሰፈር አግብታ፣ እናቷን ይዛ ትኖራለች። ባጃጅ ተኮናትሬ ወጣሁ። ሙቀቱ እንደ ድሮው ነው፤ የረሳሁት እኔ ነኝ።

አዴ በረንዳ ላይ ፍራሽ ላይ ተደግፋ ነበር። ዓይኗ ደክሟል። ሐያት ስሜን ነገረቻት።

«በቴሌቪዥን እሰማሻለሁ። አሁንም ሰው ትጠሪያለሽ?»

«እጠራለሁ አዴ።»

«ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ።»

«ምን ያድርጉ» አለች። የተዘጋጀሁበትን ይቅርታ ሁሉ ልጀምር ስል እጇን ዘርግታ የቀሚሴን ጫፍ ያዘች። በጣቶቿ መሐል አሸት አሸት አደረገችው።

«ይሄን ማን ሸጠልሽ? ወላሂ አታለውሻል።»

ሐያት ሳቀች። ከጓዳ ወንበር ይዛ ስትወጣ አዴ በኮቴዋ ሰማቻት።

«ለማን ነው ወንበሩ? ተይው። እግር አላት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ዓይኗ ትንሽ ከጎኔ አልፎ እያየ፣ «ያ ኢንታላ፣ ምን ትገተሪያለሽ? ከጀሪካኑ ውሃ ቅጂልኝ» አለችኝ።

ጉልበቴ በስንት ዓመት ረጅም ተረከዝ ጫማ አልቋል፤ ደረጃ ሲያዩ ያማርራል። ያን ጊዜ ግን እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። በጣሳ ቀድቼ ሰጠኋት። ጠጣችና ጣሳውን መለሰችልኝ። አላመሰገነችኝም። እዚያው መሬት ላይ፣ እግሯ ስር ተቀምጬ እስኪመሽ ዋልኩ።

አዲስ አበባ ስመለስ አዘጋጇ ልጅ «አገኟት?» ብላ ደወለች። አላገኘኋትም አልኳት። አዘነችልኝ፤ በቀዩ ቦታ ሌላ ነገር እንደምትተካ ነገረችኝ። በዓሉም አለፈ፤ ኬክ ተቆረሰ፣ ብዙ ሰው ተመሰገነ።

ይህን የሚያነብ ሰው ሊፈልጋት ቢነሳ ግን እንዳይደክም ልንገረው። መልካ ጀብዱ ያልኩት መልካ ጀብዱ ላይሆን ይችላል። ሐያትም ሐያት አይደለችም። አዴ ሰኪና ብዬ የጻፍኩት ስም የሌላ ሰው ነው፤ የእርሷን ስም ሰው ፊት የጠራሁበት አንድ ቀን ይበቃኛል።